ከቡፌው ጀርባ ያለው ሳጥን

እናቴ ደሴ ቤቷ ፋይበር ያስገባች ሰሞን ነጩ ሳጥን ሳሎን ጥግ፣ ከቡፌው ጀርባ ተሰቀለ። ቅዳሜ ማታ ውጭ አገር ካለው ወንድሜ ጋር በቪዲዮ ስታወራ፣ መኝታ ቤት ስትገባ ምስሉ ቀጥ ይላል። «ፊቱን ሳልጠግበው!» እያለች ትተክዛለች።

ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቼ አየሁት። በመሃል ሁለት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለ። ዋይፋይ እንዲህ ያለውን ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል፤ በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው። እሱ ለቅርብ ፈጣን ነው፤ 2.4 ጊጋኸርዙ ቀርፈፍ ቢልም ራቅ ብሎ ይደርሳል። (ከዋይፋዩ ስም ጎን «5ጂ» የሚል ቢያዩ ከሞባይሉ 5ጂ ጋር አያምታቱት።)

የፋይበሩን ገመድ ራስዎ አይነካኩት፤ ውስጡ ብርጭቆ ስለሆነ ሲታጠፍ ይሰበራል። እኛ ከሳጥኑ የኔትወርክ ኬብል ስበን ኮሪደሩ ላይ ሁለተኛ ራውተር ሰቀልን፤ ቅንብሩንም «አክሰስ ፖይንት» አደረግነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ አይቸገርም። ቴሌቪዥኑንና ኮምፒውተሩንም በኬብል አገናኘን፤ ከቦታቸው የማይነሱ ዕቃዎች ዋይፋዩን ለስልኮች ይልቀቁ።

አሁን እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታወራለች። መብራት ሲጠፋ ግን ሳጥኑም ራውተሩም አብረው ስለሚጠፉ ትንሽ ባትሪ እያፈላለግን ነው። እርስዎም ሲገዙ ቮልቱ ከሳጥኑ ቻርጀር ጋር እኩል መሆኑን ይዩ።