ባልና ሚስት በቤት አዘል መኪና

ሠላሳና አርባ ዓመት በሥራ ላይ የኖሩ ባልና ሚስት በብዙ ቤት የሚገናኙት በጧትና በማታ ብቻ ነው። ቀኑን ባል በመሥሪያ ቤቱ፣ ሚስትም በሥራዋ ወይም በቤቷ ጒዳይ ላይ ስለሚያሳልፉት፣ አንዱ የሌላውን የቀን ጠባይ ሳያውቅ ዘመን ያልፋል። የጡረታ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ግን ቀኑ በሙሉ በሁለቱ እጅ ይወድቃል። የጡረታውን ገንዘብ አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ብዙ ነው፤ የጡረታውን ቀን በምን እንደሚያውለው አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በአውስትራልያ አገር ብዙ ሽማግሌና አሮጊት ለዚህ ጥያቄ ያገኙትን መልስ፣ ከነጥቅሙና ከነችግሩ፣ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናመለክታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልሳቸው መንገድ ነው። በዚያ አገር ከ2023 ጀምሮ መንግሥት ለአረጋውያን የሚከፍለው ጡረታ የሚገኘው በ67 ዓመት ዕድሜ ነው። ወደዚህ ዕድሜ የደረሱ ብዙ ሰዎች በውስጡ ቤት የተሠራለት መኪና ይገዛሉ ወይም ይከራያሉ። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ በርሜሉ፣ ትንሹም የመጸዳጃ ክፍል ሁሉ ከመሪው ጀርባ ተሰናድቶ ይገኛልና፣ እኛ ቤት አዘል መኪና ብንለው ይስማማዋል። የአገሩ ሰዎችም እነዚህን መንገደኞች በቋንቋቸው ባለ ሽበት ዘላኖች ይሏቸዋል። ክብደቱ ከነጭነቱ ከ4.5 ቶን የማይበልጥ እንደ ሆነ፣ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሊነዳው ይችላል።

የአውስትራልያን ምድር የሚዞረው አንደኛ የሚባለው አውራ ጐዳና ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ይህን ሁሉ ለመጨረስ የሚነሡ አሉ። አስተዋዮቹ ግን ከአጭሩ ይጀምራሉ። ከአጭሮቹም መካከል ዝናው ከፍ ያለው ታላቁ የውቅያኖስ መንገድ የሚባለው ነው። ይኸውም ከመልበርን ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከቶርኪ ተነሥቶ እስከ አለንስፎርድ 243 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መንገዱን የሠሩት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሱ 3,000 ያህል ወታደሮች ናቸው። በ1919 ጀምረው በ1932 ሲፈጽሙት፣ ገደሉን የቈረጡት በአብዛኛው በዶማና በአካፋ ነበር። ሥራውም በጦር ሜዳ ለወደቁት ጓደኞቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን የታሰበ ስለ ሆነ፣ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው በሐውልት ላይ እንደሚሄድ ይቈጠራል።

ልምድ ያላቸው ባልና ሚስት ይህን 243 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን አይሮጡበትም። በአንድ የማደሪያ ስፍራ ሦስት አራት ሌሊት ሰፍረው፣ ከዚያ ደርሶ መልስ እያደረጉ ይጐበኛሉ። ከአፖሎ ቤይ ተነሥተው የኬፕ ኦትዌይን የመብራት ግንብ አይተው ለራት ይመለሳሉ፤ ይህ ግንብ በ1848 በርቶ እስከ 1994 ድረስ ለመርከቦች መንገድ አሳይቷል። በፖርት ካምብል የሰፈሩ እንደ ሆነ ደግሞ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የተባሉት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ቅርብ ናቸው። ስማቸው አሥራ ሁለት ይበል እንጂ፣ በ2005 አንዱ ፈርሶ ስምንት ቀርተዋል፤ ማዕበሉ ሥራውን አይተውምና። በዚያው አካባቢ የለንደን ድልድይ ይባል የነበረው የድንጋይ ቅስት በ1990 በድንገት ሲወድቅ፣ ሁለት ጐብኚዎች በባሕሩ በኩል ቀርተው በሄሊኮፕተር ተነሥተዋል። በክረምታቸው ወራት፣ ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ወደ ዋርናምቡል የሚሄዱት ደግሞ ልጆቻቸውን ለመውለድ ወደ ዳር የሚቀርቡትን ዓሣ ነባሪዎች ከባሕሩ ዳርቻ ለማየት ይታደላሉ።

ከፖርት ካምብል በደርሶ መልስ ከሚታዩት ስፍራዎች አንዱ የሎክ አርድ ሸለቆ ነው። በ1878 ሎክ አርድ የተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ወደ መልበርን 54 ሰዎች ይዛ ስትመጣ በዚያ ተሰበረች፤ የተረፉት ቶም ፒርስ የሚባል ወጣት መርከበኛና ኢቫ ካርማይክል የምትባል ልጃገረድ ብቻ ነበሩ። እርሱ ከማዕበሉ አውጥቶ አዳናት። የአገሩም ሕዝብ እነዚህ ሁለቱ ይጋባሉ ብሎ እጅግ ተመኝቶ ነበር። ነገር ግን አልተጋቡም፤ እርሷ ወደ አየርላንድ ተመለሰች። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ቀን መከራ መረዳዳት ትልቅ ነገር ነው፤ ባልና ሚስትን ባልና ሚስት አድርጎ የሚያኖራቸው ግን የዘወትሩ ትንሽ ነገር ነው። ቤት አዘሉም መኪና የሚፈትነው ይህንኑ የዘወትሩን ነው።

ስፋቱ አንድ መኝታ ቤት በማያክል ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲኖሩ፣ አንዱ ካልተቀመጠ ሌላው አያልፍም። የሚታዘዝ አሽከር የለም፤ ጽሑፍ የሚያቀርብ ጸሐፊም የለም። ሠላሳ ዓመት ሲያዝ የኖረ ባለ ሥልጣን በዚያ ውስጥ የሚያዘው ሰው ቢፈልግ ከሚስቱ በቀር አያገኝም። እርሷም በበኩሏ ሠላሳ ዓመት ቤቷን በራሷ ፈቃድ ያስተዳደረች እመቤት ስለ ሆነች፣ በምድጃዋ ላይ አዲስ አለቃ ሲሾም ዝም ብላ አትመለከትም። የመንገዱ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው እንጂ ከመንገዱ ክፋት አይደለም። እንግዲህ ከሹመት የተሰናበተ ሰው ከማዘዝም አብሮ መሰናበት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከጠብም የሚብስ ነገር ነው። በብዙ ቤት የሚነዳው ባል ብቻ ነው፤ የውሃውን መሙያ፣ የጋዙን መዝጊያ፣ የመብራቱን መስመር የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው። የመድኃኒቱን ሰዓትና የሐኪሙን ወረቀት የምታውቀው ደግሞ ሚስት ብቻ ናት። ሁለቱም ደኅና ሳሉ ይህ የሥራ ክፍፍል መልካም ይመስላል። ነገር ግን ባል ከከተማ በራቀ ስፍራ በሌሊት ቢታመም፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሚስት ምን ታደርጋለች? እርሷስ ብትታመም፣ የምትውጠውን መድኃኒት ስሙን የማያውቅ ባል ለሐኪሙ ምን ብሎ ይመልሳል? ዕድሜም ራሱ ይህን ያስገድዳል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ አገር 75 ዓመት የሞላው ነጂ በየዓመቱ የሐኪም ምርመራ ይፈለግበታል፤ አንዱ ከመንዳት የተከለከለ እንደ ሆነ ሌላው ካልተማረ ጒዞው በዚያው ይቆማል። ስለዚህ ከመነሣት አስቀድሞ ሁለቱም መንዳትን፣ ሁለቱም የመኪናውን የቤት ሥራ፣ ሁለቱም የመድኃኒቱን ዝርዝር ይወቁ። በየቀኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተራ እየገቡ ቢነዱ እጃቸው አይረሳም።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል እንጨምር። መንገድ ጣፋጭ መስሏቸው መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው መኪና የሚገዙ አሉ። ቤት ዋጋው በዘመን ሊጨምር ይችላል፤ መኪና ግን በነዱት ቍጥር ዋጋው ይወርዳል። አንድ ወር ተከራይቶ መፈተን ርካሽ ነው። ከፈተናው በኋላ መግዛት የሚሹ እንደ ሆነ፣ የመኪናው ስም በሁለቱ ይመዝገብ፤ ቤቱም በሁለቱ ፈቃድ ካልሆነ አይሸጥ። በፍቅር ቀን የተጻፈ ወረቀት በሐዘን ቀን ክርክርን ያስቀራል።

አገሩም የራሱ ሥርዓት አለው። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። የባሕሩ ዳር መንገድ ጠመዝማዛና ጠባብ ስለ ሆነ፣ በዝግታ የሚሄድ መኪና በተዘጋጀለት ስፍራ ፈቀቅ ብሎ ከኋላው ያሉትን ማሳለፍ አለበት። በመንገድ ዳር እንዳገኙ ማደር በብዙ ስፍራ የተከለከለ ነው። በበጋቸው ወራት የዱር እሳት ያስፈራል፤ በ2015 በልደት በዓላቸው ቀን በዋይ ሪቨርና በአጠገቧ ባለችው መንደር 116 ቤቶች በእሳት ጠፍተዋል። ስለዚህ በዚያ ወራት ጧት ጧት የእሳቱን ማስጠንቀቂያ ሳይሰሙ መነሣት አይገባም።

ይህ ነገር ለእኛ ሰዎችም ሩቅ አይደለም። በመልበርን ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈርም የአገራችን ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ከዚያ እስከ ቶርኪ የአንድ ጧት መንገድ ስለ ሆነ፣ ልጆቻቸውን ለመጐብኘት የሄዱ አባትና እናት ቤት አዘል መኪና ሳያሻቸው፣ ስንቃቸውን በአገልግል ይዘው ባሕሩን አይተው ማታ ሊመለሱ ይችላሉ።

አባቶቻችን ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ብለዋል። ከአንድ ባሕር ይቀዳ እንጂ ሁለቱም መቅዳት ማወቅ አለባቸው። ጡረታችሁ የቀረበ አንባቢዎቻችን፣ ወዴት እንሂድ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ እኔ ብታመም ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱ ከተገኘ ከደጃችሁ የሚጀምረው የአንድ ቀን መንገድ እንኳ ይበቃችኋል፤ መልሱ ካልተገኘ ግን 14,500 ኪሎ ሜትርም ብትሄዱ፣ ሁለት ብቸኞች በአንድ መኪና ተጓዙ ከመባል በቀር ትርፍ አይገኝበትም።