ለቆመው የማይነፋ ፊሽካ

ሪቫልዶ ያን ቀን መውደቅ አላስፈለገውም ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2002 በደቡብ ኮሪያዋ ኡልሳን ብራዚል ቱርክን 2 ለ 1 እየመራች ነበር። ሰዓቱ ተገባዷል፤ የማዕዘን ምቱም የብራዚል ነው። ሪቫልዶ ባንዲራዋ ሥር ቆሞ ኳስ እስኪሰጡት ይጠብቃል። የቱርኩ ሃካን ዩንሳል በንዴት ኳሱን ለጋበት። ኳሱ ታፋው ላይ አረፈ፤ ሪቫልዶ ግን በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ተዘረረ። ዳኛው ለዩንሳል ሁለተኛ ቢጫ አውጥተው አሰናበቱት። ፊፋ በኋላ ምስሉን አይቶ ሪቫልዶን 11,670 የስዊዘርላንድ ፍራንክ ቀጣው፤ ከአንድም ጨዋታ ግን አላገደውም። በዚያው ወር መጨረሻ ብራዚል ዋንጫውን ስታነሳ ሪቫልዶ ሜዳ ላይ ነበር።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ፊቱን መምረጡ ነው። ታፋውን ይዞ ቢወድቅ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ተጫዋች ጭንቅላቱን ከተመታ ግን ዳኛ ጨዋታውን ወዲያው እንደሚያስቆም ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። ይህ አሠራር የመጣው የሰው ነፍስ ለማትረፍ ነው። ደረቱን በክንድ ገፋ የተደረገ ተጫዋች አገጩን ይዞ ሲንከባለል በየሳምንቱ የምናየውም ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው። ለሞት አፋፍ የተሠራውን በር ለፋውል መለመኛ ያደርገዋል። ከሜዳ ብልጠቶች ሁሉ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ የለም።

ቅጣት ክልል ውስጥ በትንሽ ንክኪ መውደቅና ያልደረሰ ጉዳትን ማስመሰል በአንድ ስም ሲጠሩ እሰማለሁ። ለእኔ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ፍጹም ቅጣት ምት ይሰርቃል። ሁለተኛው ሌላ ሰው ያላደረገውን ክፋት አደረገ ብሎ በሐሰት መመስከር ነው፤ ዩንሳል ቀይ ካርድ አይቶ የወጣው በእንዲህ ያለ ምስክርነት ነው።

የዚህ ነገር የመጨረሻ ጥግ የታየው ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካኛ ስታዲየም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1989 ብራዚልና ቺሊ ለ1990ው የጣሊያን ዓለም ዋንጫ ለማለፍ ተገናኙ። ቺሊ ማሸነፍ ነበረባት፤ ለብራዚል አቻ ይበቃታል። ካሬካ አግብቶ ብራዚል 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ከተመልካቹ መሀል የተወረወረ ርችት እየጨሰ መጥቶ በቺሊው በረኛ ሮቤርቶ ሮሃስ አቅራቢያ ወደቀ። ወዲያው ሮሃስ ፊቱ በደም ተለውሶ ሣሩ ላይ ተዘርሮ ታየ። ጓደኞቹ ተሸክመውት ወጡ፤ ወደ ሜዳ አንመለስም አሉ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። በዚያች ሰዓት ያንን ምስል አይቶ ለቺሊ ያላዘነ ሰው ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ከዚያ ፎቶግራፉ ወጣ። ርችቱ ሮሃስን አልነካውም፤ ከእሱ ራቅ ብሎ ነበር የወደቀው። በረኛው በጓንቱ ውስጥ ምላጭ ደብቆ ገብቶ ኖሮ ግንባሩን የተለተለው በገዛ እጁ ነው። ፊፋ ለብራዚል 2 ለ 0 አጸደቀ፣ ሮሃስን ዕድሜ ልኩን ከእግር ኳስ አገደ፣ ቺሊንም ከ1994ቱ የአሜሪካ ዓለም ዋንጫ ውጭ አደረገ። የሮሃስ እገዳ የተነሣው በ2001 ነው። ዕዳው ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ለሪያል ማድሪድ ጎል ያዘንብ የነበረው ኢቫን ዛሞራኖ በዓለም ዋንጫ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1998፣ በ31 ዓመቱ ነው። አንድ ሰው ግንባሩ ላይ ባሳለፈው ምላጭ የአንድ አገር ተጫዋቾች አንድ ሙሉ ዓለም ዋንጫ አለፋቸው።

ሮሃስ ዕድሜ ልክ ታገደ፤ ሪቫልዶ ገንዘብ ከፈለ። መጠኑ እንደሚለያይ አልክድም። አንዱ አስቀድሞ ምላጭ አዘጋጅቷል፣ ሌላው በቅጽበት ያሰበውን ነው ያደረገው። ግን ሁለቱም ያልደረሰባቸውን ጉዳት በሌላው ላይ ለጥፈዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ዋንጫ ይዞ ወደ አገሩ መግባቱን ደግሞ የዓለም ልጆች ሁሉ አይተዋል።

ለምን ይወድቃሉ ሲባል ወሬው ቶሎ ወደ ጠባይና ወደ አገር ይዞራል፤ ላቲኖች እንዲህ ናቸው፣ እንግሊዞች እንዲያ አይደሉም ይባላል። በዚህ ላይ ብዙ አልደክምም። በ1990ዎቹ እንግሊዞች አስመሳይ ሲሉ ስሙን ያነሱት የነበረው ጀርመናዊው ዩርገን ክሊንስማን ነበር፤ ዛሬም በየትኛውም አገር ሊግ ወዳቂ አይጠፋም። ከዚህ ይልቅ የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡትን ጥናት ማየት ይጠቅማል። ከስድስት ሊጎች 60 ጨዋታዎችን ወስደው ከ2,800 የሚበልጡ መውደቆችን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከእነዚህ ውስጥ 169ኙ ያለ ምክንያት የተወደቁ ነበሩ። ከ169ኙ በአንዱም ዳኛ አልቀጣም። ደግሞም መውደቁ የሚበዛው ወደ ተቃራኒ ጎል ሲቀረብና ውጤቱ እኩል ሲሆን ነው። የሚያዋጣው የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ወዳቂው አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው።

የጥፋቱ ሌላው ግማሽ ግን የሚያሳፍረው ዳኞችን ነው። የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 12 ተጫዋችን መጥለፍ ብቻ ሳይሆን ለመጥለፍ መሞከርም ጥፋት ነው ይላል፤ መምታትም፣ ለመምታት መሞከርም እንዲሁ። ጥፋት እንዲባል የግድ የወደቀ ሰው መኖር አለበት የሚል መስመር የለበትም። ሜዳ ላይ የሚሠራው ሕግ ግን ሌላ ነው። አጥቂው ማሊያው ይጎተታል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይነካል፣ ይንገዳገዳል፣ እንደ ምንም ራሱን ይዞ ይመታል፤ ኳሱ ከጉልበት በታች ሆኖ በረኛው እጅ ይገባል። ፊሽካ የለም። የጨዋታው አስተላላፊ «ቢወድቅ ኖሮ ፔናሊቲ ነበር» ይላል፤ አሰልጣኙ በመልበሻ ክፍል «ለምን አልወደቅክም?» ብሎ ይቆጣዋል። በታዳጊ ቡድን ውስጥ ያለ የ14 ዓመት ልጅ ይህን ሁለቴ ከሰማ ሦስተኛውን ራሱ ይሠራዋል። ልጁን ማን ነው ያስተማረው?

እውነት መናገርም እንዳይጠቅም ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1997 በሃይበሪ አርሰናልና ሊቨርፑል ሲጫወቱ ሮቢ ፋውለር በረኛው ዴቪድ ሲማንን ሲያልፍ ወደቀ፤ ዳኛው ጄራልድ አሽቢ ወደ ፔናሊቲው ነጥብ ጠቆሙ። ፋውለር ተነሥቶ እጁን እያወናጨፈ አልነካኝም አላቸው። ዳኛው አልሰሙትም። ፋውለር መታ፣ ሲማን መለሰ፣ ጄሰን ማካቲር ተከትሎ አገባ፤ ሊቨርፑል 2 ለ 1 አሸነፈ። በእኔ ግምት የፋውለር እጅ መወናጨፍ ካገባቸው ጎሎች የብዙዎቹን ያህል ይመዝናል። ዳኛ የተጫዋችን ቃል ማመን ያቆመበት ሜዳ ግን በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም። ከፋውለር በፊት የወደቁት ሁሉ ሠርተውታል።

ቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛ) ሲመጣ ብዙዎቻችን ተስፋ አደረግን። በ2018ቱ ዓለም ዋንጫ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ብራዚልና ኮስታሪካ 0 ለ 0 እያሉ ኔይማር ቅጣት ክልል ውስጥ ወደ ኋላ ሲወድቅ ዳኛው ብዮርን ኩይፐርስ ፔናሊቲ ሰጡ፤ ምስሉን ሄደው ሲያዩ ሰረዙት። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለመውደቁ ቢጫ እንኳ አላወጡበትም። ሞክሮ ካልተሳካለት ምንም የማይከፍል ሰው ለምን አይሞክርም? ከ1999 ጀምሮ ዳኛን ለማታለል ማስመሰል ቢጫ ካርድ እንደሚያስከትል ሕጉ በግልጽ እያለ ነው።

ደግሞ ቫር የራሱን ችግር አመጣ። ምስሉ ሲዘገይ የሚፈለገው ንክኪ ብቻ ሆነ፤ ንክኪ ከተገኘ ውሳኔው ይጸናል። በጁላይ 2021 በዌምብሊ፣ በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጭማሪ ሰዓት ራሂም ስተርሊንግ በዴንማርክ ቅጣት ክልል የወደቀውን አስታውሱ። ትንሽ ንክኪ አለ። ያ ንክኪ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥን ሰው ይጥላል ወይ ለሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሁለት ሰው አይስማማም። ፔናሊቲው ጸና፤ ሃሪ ኬን መታ፣ ካስፐር ሽማይክል መለሰ፣ ኬን ደግሞ አገባ፤ ዴንማርክ ተሰናበተች። የፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳዩት ነገር እዚህ ላይ ይረዳን ነበር። በእውነት የሚወድቅ ሰው እጆቹን ወደ መሬት ይሰዳል፤ ሰውነቱ ራሱን ያድናል። አስመሳዩ ደረቱን ገፍቶ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ላይና ወደ ኋላ ወርውሮ፣ እግሮቹን አጥፎ እንደ ደጋን ይለጠጣል። ቪዲዮ ክፍል የተቀመጡት ዳኞች እግር ለእግር ከሚፈልጉ እጆቹን ቢያዩ ብዙ ነገር ያገኙ ነበር።

በ2014ቱ ዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ ሲጫወቱ አርየን ሮበን በባከነ ሰዓት በራፋኤል ማርኬዝ እግር ተጠልፎ ወደቀ፤ ፔናሊቲ ተሰጠ፤ ክላስ ያን ሁንተላር አገባው። ሮበን ከጨዋታው በኋላ በመጀመሪያው አጋማሽ አንዴ አስመስዬ ወድቄያለሁ፣ ለእሱ ይቅርታ፣ የመጨረሻው ግን እውነት ነው አለ። ሜክሲኮዎች ፔናሊቲ አልነበረም እያሉ እስከ ዛሬ ይምላሉ። አልፈርድባቸውም። በዚያው ቀን ዋሽቻለሁ ካለ ሰው እውነቱን እንዴት ይለዩት? በዚያው ጨዋታ ግን ሄክቶር ሞሬኖ ሮበንን ሊያስቆም ሲገባ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ወጥቷል። ውሸትና ስብራት በአንድ ሣር ላይ፣ በአንድ አጋማሽ ውስጥ ነበሩ።

ኳስ ተሰብስበን በምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ሁሉ አንድ ድምፅ አለ። ተጫዋች ሲወድቅ ከኋላ ወንበር «ተነሥ!» የሚለው ነው። እኔም ብያለሁ፣ እናንተም ብላችኋል። ለፌዝ አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ደጋግመው አታለውን እምነታችንን ጨርሰናል። ጁን 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሲወድቅ ልቡ ቆሞ ነበር። ዳኛው አንቶኒ ቴይለር ወዲያው ጨዋታውን አስቆሙ፣ ሐኪሞች ሮጡ፣ ሰውየው ዳነ። ከዚያ በፊት በ2003 ሊዮን ላይ ካሜሩንና ኮሎምቢያ ሲጫወቱ በ72ኛው ደቂቃ መሀል ሜዳ ላይ ማንም ሳይነካው የወደቀው ማርክ ቪቪየን ፎዬ አልተነሣም፤ 28 ዓመቱ ነበር። እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳስብ ያ ከኋላ ወንበር የሚመጣ ድምፅ ያስፈራኛል። ድምፁ አንድ ቀን በዳኛው ልብ ውስጥም ቢኖርስ? ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ በዝግታ የሚራመድበት ቀን ቢመጣስ?

ኳስ ተፈጥሮው ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት በሴቶች ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ውስጥ ተጎዳሁ ብሎ መውደቅ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ6 በታች ሲሆን በወንዶቹ ከ11 በላይ እንደሆነ አሳይቷል፤ ከወደቁት መካከል በእርግጥ የተጎዱት ድርሻም በሴቶቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ኳሷ አንድ ናት፣ ሕጉም አንድ ነው።

ለሰዓት ገዳዮች መላ እየተገኘ ነው። በካታሩ ዓለም ዋንጫ ዳኞች የባከነውን ሁሉ እንዲጨምሩ ስለታዘዙ 10 ደቂቃ ጭማሪ ማየት ለምደናል፤ በአሜሪካው ሊግም ከ15 ሰከንድ በላይ ተኝቶ ሐኪም ያስገባ ተጫዋች ለሁለት ደቂቃ ውጭ ይቆያል። ለአታላዮቹ ደግሞ እንግሊዝ በ2017 ከጨዋታ በኋላ ምስል ታይቶ የሚጣል የሁለት ጨዋታ ቅጣት ደንግጋለች፤ በፕሪሚየር ሊጉ መጀመሪያ የተቀጣው የኤቨርተኑ ኡማር ኒያሴ ነው፣ ክሪስታል ፓላስ ላይ ባገኘው ፔናሊቲ።

ይህ ቅጣት ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ከ2020/21 የውድድር ዘመን አንሥቶ በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀምረዋል። ምስል ባለበት ጨዋታ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ማክሰኞ ጠዋት ሰብስቦ አስመስሎ ፔናሊቲ ያገኘውን ወይም ተጋጣሚውን በቀይ ያስወጣውን ተጫዋች ሁለት ጨዋታ ማገድ ይችላል። ቫር አያስፈልገውም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ምስልም አይፈልግም፤ ከውድድር ዘመኑ በፊት በሚሰጠው የዳኞች ሥልጠና ላይ አንድ ትእዛዝ ይበቃዋል፦ ተጠልፎ ላልወደቀው ንፉለት። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህኛውን ነው፤ ቅጣቱ የሚደርሰው አንድ አታላይ ዘንድ ሲሆን፣ ፊሽካው ግን ቆሜ ልቅር ብሎ የሚታገለውን እያንዳንዱን አጥቂ በዚያው ቅጽበት ያገኘዋል።