የአያት ፎቶና የአባት ካሜራ

ከቡሬ አንድ ተማሪያችን የአባቱን «ዞርኪ 4» ካሜራ ይዞ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣ። «ኡስታዝ፣ አያቴ ታመዋል፤ አንድም ፎቶ የላቸውም» አለን።

ካሜራው እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1973 በሶቪየት ኅብረት ይሠራ የነበረ ነው። ሳያጠነጥኑ የፍጥነቱን ቁልፍ ማዞር ውስጡን ስለሚጎዳ፣ መጀመሪያ አጠንጥነን ከዚያ አዞርን። (በወጣትነታችን በዚህ ስህተት አንድ ካሜራ ገድለናል!) መዝጊያው ሠራ። በመመልከቻው ግን ማዶ ያለው ዛፍ ሁለት ሆኖ ታየን። ሌንሱን ለሩቅ እስከ መጨረሻው አዙረን፣ ከፊት ያለችውን የመሸፈኛ ብሎን ፈትተን ከሥሯ ያለችውን ጥቂት ጥቂት ስናዞር፣ ሁለቱ ዛፎች አንድ ሆኑ። ሌንሱን አውልቀን፣ ጀርባውን ከፍተን ወደ አምፖል ብናሳየው፣ የጨርቅ መጋረጃው ቀዳዳ አልነበረውም።

ልጁ ያለችውን አንድ ፊልም አስገብቶ በዚያው ቀን ተመለሰ። አያቱን በረንዳ ላይ አስቀምጦ አነሳቸው፤ ፊልሙ ገና አልታጠበም።