የጎማው ልክና የመንገደኛው ሐቅ



ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ ሲያወጋ የቆየው ይህ ዓምዳችን በዚህ ወር ወደ መኪና ጎማ መዞሩ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ፒክአፕ በሀገራችን የሥራ መኪና ብቻ አይደለችም። ሳምንቱን ሙሉ እህልና ሲሚንቶ ስታመላልስ የከረመች ደብል ካቢን፣ ዒድ ሲደርስ እናትን፣ ሚስትንና ልጆችን አሳፍራ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ገጠር ትወጣለች። በጎማዋ ላይ የሚደረገው ለውጥ ታዲያ የባለቤቱ የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

በወጣቶቻችን ዘንድ አንድ ልማድ እየበረታ ነው። መኪናዋ እንደተገዛች ወደ ጎማ ሻጭ ይኬድና ከፋብሪካ የመጣው ጎማ ወርዶ፣ ሰፊና ረጅም፣ ጥርሱ የጎላ ጎማ ይገጠማል። መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ደረቷን የነፋች ትመስላለች። ያምራል፤ አንክድም። ብዙ ሳይቆይ ግን «ናፍጣ ትጠጣለች» የሚለው ስሞታ ይጀመራል። ፊልትሮ ይቀየራል፣ ፖምፓው ይፈተሻል፤ የጎማውን ነገር የሚያነሳ ግን የለም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ከቶዮታ ሂሉክስ የፋብሪካ ጎማዎች አንዱ በጎኑ ላይ 265/65 አር 17 የሚል ጽሑፍ አለው። 265 የጎማው የጎን ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎማው ግድግዳ ቁመት ከዚያ ስፋት ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 17 ደግሞ ቸርኬው ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደሆነ። ሁሉም ሲደመር ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 776 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በምትኩ ብዙዎች የሚመኙት 285/70 አር 17 ቢገጠም ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው።

ሰባት በመቶ ጥቂት ይመስላል። ይሁንና የመጀመሪያው ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 410 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ትልቁ 383 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይህም ማርሾቹ ሁሉ በአንድ ቀን የከበዱ ያህል ነው፤ ሞተሩ በመሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለጥ ባለ ሜዳ በእኩል ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ የሞተሩ ዙር ስለሚወርድ ትንሽ ይካሳል። ጭነት ይዞ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ለሚወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ በአራተኛ የሚወጣውን ዳገት አሁን በሦስተኛ ይወጣዋል፤ እግሩም ከነዳጅ መስጫው አይነሳም። የደጋችን አየር ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጥንቱም ጉልበቱ ጎድሎ ነው የሚሠራው። በከተማ ውስጥ ደግሞ ቆሞ መነሳት አለ። ትልቅ ጎማ ክብደቱ ዳር ዳሩን ስለሆነ ለማንቀሳቀስም ለማቆምም ያስቸግራል። ከሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መምጣቱን ለሚያውቅ አባወራ፣ ለመልክ ሲባል የሚቃጠል ናፍጣ ኢስራፍ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገንም።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ፍትሐዊ እንዲሆን አንድ ነገር እንጨምር። የፍጆታው ጭማሪ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያውቀው የፋብሪካውን ጎማ ነው። ለምሳሌ ቀድሞ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች መኪና፣ ትልቅ ጎማ ከተገጠመላት በኋላ በ44 ሊትር 400 ኪሎ ሜትር ሄደች ብሎ ቆጣሪው ቢያሳይ፣ ባለቤቱ በሊትር 9.1 ብሎ ይደነግጣል። እውነተኛው መንገድ ግን 428 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስሌቱም 9.7 ይመጣል። ስለዚህ ፍጆታውን የሚለካ ሰው አስቀድሞ ቆጣሪውን ያርም።

ይኸው ቆጣሪ ግን ወደ ገበያ ሲወጣ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በትልቁ ጎማ ስትነዳ የኖረች መኪና 100,000 ኪሎ ሜትር ብታሳይ የሄደችው 107,000 ነው። ሻጩ በሽያጩ ዋዜማ የድሮውን ጎማ መልሶ ገጥሞ ዝም ካለ፣ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ ሻጩን ስለ ጉዳዩ መጠየቃቸውን፣ እርጥቡም ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን እንደነበረበት መናገራቸውን የማያውቅ ሙስሊም ነጋዴ ያለ አይመስለንም። የተደበቀው ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል?

ወደ መንገዱ እንመለስ፤ ዋናው ነገር የነፍስ ጉዳይ ነውና። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናዋ ወደ 86 እየሄደች ነው። ሹፌሩ ጠንቃቃ ነኝ ይላል፤ የትራፊክ ፖሊስ ራዳር ግን የዳሽቦርዱን ወሬ አይሰማም፤ ቁልቁለቱም አይሰማም። በዚያው ፍሬን ርግጫ መኪናዋን የሚይዛት ጉልበት በሰባት በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ጎማው ሲረዝም ፍሬኑ ይዞት የሚታገለው ክንድ ይረዝማልና። መኪናዋ ከፍ ስላለች ደግሞ የክብደቷ ማዕከል አብሮ ወጥቷል። ፒክአፕ ከጥንቱም ቁመቷ ረጅም፣ ባዶ ስትሆን ኋላዋ ቀላል ናት። በኩርባ ላይ ድንገት መሪ የተጠመዘዘ እንደሆነ ከቤት አውቶሞቢል ይልቅ ለመገልበጥ ትቀርባለች። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎ ይፍቃል፤ ኩሽኔታና ቴስቲኒም ቶሎ ይበላሉ።

«መንገዳችን ጭቃና ኮረት ነው፣ ከፍታ ያስፈልገናል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን ከላይ ባየነው ለውጥ ከመሬት የሚገኘው ከፍታ የልዩነቱ ግማሽ ነው፤ 27 ሚሊ ሜትር። ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለጭቃው ከቁመቱ ይልቅ የጥርሱ ዓይነት ይበጃል፤ እሱም በፋብሪካው ልክ ይገኛል።

ተቃራኒውን የሚያደርጉም አሉ፤ ለቁጠባ ብለው የአውቶሞቢል ጎማ በጭነት መኪና ላይ ይገጥማሉ። ይህ ከትልቁ ጎማ የባሰ ነው። በጎማው ጎን ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመሸከም አቅሙን ይናገራል፤ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። ከፋብሪካው ቁጥር ያነሰ ጎማ ጭነትና ሙቀት ሲገናኙበት ይፈነዳል። የፊትና የኋላ ጎማ ልክ መለያየትም አይገባም፤ አራቱንም እግር አስይዞ ደረቅ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ካምቢዮውን ያስጨንቃል። መለዋወጫ ጎማውም ከአራቱ ጋር አንድ ልክ ይሁን።

ነዳጅ መቆጠብ የፈለገ ሰው ወጪ የሌለው መንገድ በእጁ አለ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአራቱም ጎማ ነፋስ በአማካይ በ1 ፒ ኤስ አይ ሲጎድል የነዳጅ ቁጠባው በ0.2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አሥር ከጎደለ ሁለት በመቶ መሆኑ ነው። ትክክለኛው የነፋስ መጠን በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል፤ ለባዶና ለጭነት ይለያያል። የሚለካውም ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሱብሒ ተሰግዶ መኪናዋ ገና ከቦታዋ ሳትነቃነቅ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሐዋሽ የደረሰ ሹፌር በሙቀቱ ነፋሱ ጨምሮ ቢያገኘው ጎሚስታው እንዲያስተነፍስለት አይጠይቅ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራልና።