አሰላና ጢዮ የጋራ ምክር ቤት ይኑራቸው!



እዚህ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ቀና ብትሉ ጭላሎ ይታያችኋል። ውሃው የሚወርደው ከዚያ ወገን፣ በጢዮ ገበሬ ማሳ መካከል ነው። እኛ አቆሽሸን የምንለቀው ደግሞ ወደ ከታር ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይሄዳል። ውሃው የከተማና የገጠር ወሰን አያውቅም። አስተዳደራችን ግን ያውቃል፤ አበጥሮ ነው የሚያውቀው!

በዚህች በአንዲት ከተማ ሦስት አስተዳደር ተቀምጧል። የአሰላ ከተማ አስተዳደር አለ። የጢዮ ወረዳ አለ፤ መቀመጫው እዚሁ ሆኖ የሚያስተዳድረው ግን ዙሪያውን ያለውን ገጠር ነው። በላያቸው የአርሲ ዞን አለ። እስኪ ከከተማው ዳር፣ ከወሰኑ ላይ ቆሻሻ ቢደፋ ለማን አቤት ይባላል? ቆሻሻው የማን ነው?

ይህ መለያየት ከሰማይ አልወረደም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬውን በገበሬ ማኅበር አደራጀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ከተሜውን በቀበሌ ማኅበር አደራጀ። ጭሰኝነት መቅረቱ፣ ተከራዩም መተንፈሱ መልካም ነበር፤ ማንም አይክደውም። ግን ከዚያ ወዲህ ገበሬና ከተሜ በየፊናው ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ ግድግዳው ግን እንደቆመ ነው።

«ዞኑ አለ አይደል፣ እሱ ያስማማ» የሚሉ አሉ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው! በኦሮሚያ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ነው። ከተማው ምክር ቤት አለው፣ ወረዳውም አለው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያየው አካል ግን ተሹሞ የሚመጣ እንጂ እኛ መርጠን የምናወርደው አይደለም። ታዲያ ቢያጠፋ ማናችን እንጠይቀዋለን?

ሌሎች ደግሞ «ከተማው ይስፋ፣ ዙሪያውን ይጠቅልለው» ይላሉ። የአዲስ አበባን ነገር ረሱት ልበል? የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ገበሬው ሳይመክርበት ተዘጋጀ። በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሣ፣ በ2008 ዓ.ም. ገነፈለ፤ የሰው ሕይወት ጠፍቶ በጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. በዙሪያዋ የነበሩት ከተሞች ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለሉ። አንዷ ለፌዴራል፣ ሌላዋ ለክልል ተጠሪ ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሁለቱ ነዋሪ በጋራ የመረጠው ምክር ቤት ግን የለም። ለንደን እንኳ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 የጋራ ምክር ቤቷን አፍርሳ፣ ሳይሆንላት ቢቀር በ2000 ሌላ አቋቁማለች።

እኛ ግን ለንደን ድረስ ምን አስኬደን? ምሳሌው ቤታችን ነው። በ1960 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ካዱ ቢሮው አሰላ ነበር፤ ሥራው ግን ለጭላሎ አውራጃ ነበር፤ ዘሩም ማዳበሪያውም ብድሩም በአንድ ዕቅድ። ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ትራክተር ሲገባ ስንቱ ባለርስት ጭሰኛውን አባረረ! ስፋቱን እንውሰድ፤ ያኔ የጎደለውን የገበሬውን ድምፅ እንጨምርበት።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ባለበት ይቆይ። ለውሃ፣ ለቆሻሻ፣ ለገበያ፣ ለመንገድ፣ እንዲሁም ከተማው ወደ እርሻ ሲሰፋ ለሚነሣው የመሬት ጉዳይ አንድ የጋራ ምክር ቤት ይመረጥ። ወንበሩ ለከተማውና ለገጠሩ እኩል ለእኩል ይሁን፤ በሕዝብ ብዛት ከተባለ የበዛው ያነሰውን ይውጠዋል። የገበሬው ተመራጮች ያልተስማሙበት የማስፋፊያ ካርታም አይጽደቅ።

ገንዘቡስ? የብቅል ፋብሪካው ከተማ፣ ገብሱ ከገጠር ነው። ትናንት ገብስ ይዘራበት የነበረ መሬት ዛሬ በሊዝ ሲተላለፍ ገቢው የከተማው ነው። ከዚያ ላይ ለጋራው ምክር ቤት የታወቀ ድርሻ ይቆረጥለት።

ሕጉን ማውጣት የጨፌ ኦሮሚያ ሥልጣን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ጥያቄውን በቃለ ጉባኤ አስይዘን ለከተማው ምክር ቤት በጽሑፍ እናቅርብ። የጢዮ ወገኖቻችንም በየቀበሌያቸው እንዲያነሡት ገበያ ስንገናኝ እንንገራቸው።