ፊኛው ከወጣ በኋላ

ማርኬቲንግ ውስጥ ስለምሠራ ስም ዝም ብሎ አያልፈኝም። የጠበበ የልብ ደም ሥርን «በፊኛ መክፈት» ሲባል ትዝ የሚላችሁ የልጅ ልደት እንጂ የሕክምና አልጋ አይደለም። ታክመው የወጡ ሰዎችም «ልቤን ታጠብኩ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ፍርሃትን የሚያቀል ጥሩ ስም ነው። ጣጣው፣ ነገሩ ያለቀለት ማስመሰሉ ነው።

የሚታጠብ ነገር የለም። ሐኪሙ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ተነሥቶ ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ይሰዳል፤ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ ነው። ፊኛው በኤክስሬይ እየታየ የጠበበው ቦታ ሲደርስ በፈሳሽ ይነፋና ለዓመታት የተጠራቀመውን ስብ ወደ ግድግዳው ይጫነዋል። ከዚያ ተንፍሶ ይወጣል። ስቡ ግን እዚያው ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅቶ ባለ ታካሚ ልብ ላይ የሠራው ጀርመናዊው ሐኪም አንድሪያስ ግሩንትሲግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ዙሪክ ውስጥ። የመጀመሪያዎቹን ፊኛዎች የሠራው በቤቱ ወጥ ቤት ነበር። ታካሚው የ38 ዓመት ሰው ሲሆን የተከፈተለት ሥር ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታይም ክፍት ነበር። ሁሉም እንደ እሱ አልታደለም፤ በፊኛ ብቻ ከተከፈቱት ሲሶ ያህሉ በወራት ውስጥ መልሰው ይጠቡ ነበር። በ1986 ስቴንት የመጣው ለዚህ ነው፦ ሥሩን ደግፎ የሚይዝ የብረት መረብ። ዛሬ የሚገባው በአብዛኛው በመድኃኒት የተቀባ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስቴንት ባዕድ ብረት ነው፤ ደም ደግሞ ባዕድ ነገር ላይ መርጋት ይወዳል። ስለዚህ አስፕሪን ከሌላ የደም መርጋት መከላከያ ጋር፣ ለምሳሌ ከክሎፒዶግሬል ጋር፣ ይታዘዛል፤ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወር፣ የልብ ድካም ጥቃት ለደረሰበት ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል። ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ከተቋረጠ ስቴንቱ በድንገት ሊደፈን ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። አጎቴ በአራተኛው ወር «እኔ ድኛለሁ» ብለው ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ባለቤታቸው ክኒን ቆጥረው ባይደርሱባቸው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ደረታቸው መውጋቱን ስለተወ እኮ ነው! ጥርስ ለማስነቀል ብሎ፣ ወይም ጾም ገባ ብሎ የሚያቋርጥም አለ። የመዋጫውን ሰዓት ከጾሙ ጋር እንዲያስማማላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ማቆም ግን የእናንተ ውሳኔ አይደለም።

ዘመድ አዝማድ ለሕክምና ሲያዋጣም የሚሰላው የዕለቱ ሂሳብ ብቻ ነው። ቢዝነስ የተማረ ሰው ዕቃ ሲገዛ መለዋወጫውን ይጠይቃል። እናንተም የዓመቱ ክኒን ስንት እንደሆነና ሰፈራችሁ ፋርማሲ ይገኝ እንደሆነ ገንዘቡ ሳይሰበሰብ ጠይቁ።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ «አሁኑኑ የግድ ነው?» የልብ ድካም ጥቃት እየደረሰ ከሆነ አዎ፤ እያንዳንዷ ደቂቃ የልብ ጡንቻ ናት፣ አታመንቱ። ሲራመዱ ብቻ ለሚመጣና ለረጋ ሕመም ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከ5,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት፣ በመድኃኒት ጀምሮ መጠበቅ በሞትም ሆነ በልብ ጥቃት ከፊኛው እንዳላነሰ አሳይቷል። ፊኛው የበለጠው ሕመሙን በማቅለል ነው። ዋናው የግራ ሥር የጠበበባቸውና ልባቸው በጣም የደከመ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ ስላልነበሩ፣ ለእነሱ ይህ አይሠራም።

ከሆስፒታል ስትወጡ የስቴንት ካርድ ከተሰጣችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ከክኒኑ ስም ጋር ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ለልጆቻችሁም ላኩላቸው። ጥርስ ሐኪም ቤት ከመርፌው በፊት የምታሳዩት እሱን ነው።