የእናትን ዓይን ማን ያሳክም?

በሽንፋና በአካባቢዋ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ለራስ ሕመም ጊዜ የለም። ዓይኗ የሚቆረቁራት እናት «እሱ ይለፍና እታከማለሁ» ትላለች። አጨዳው ያልፍና ገበያው ይመጣል። እስከዚያው ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌኗን ይፍቃል፤ እሷም በወረንጦ ትነቅላለች፤ ተመልሶ ይበቅላል።

ይህ የትራኮማ ጠባሳ ነው። በልጅነት እየተመላለሰ የያዘ ትራኮማ ቆቡን የሚያጥፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና፣ በሰፈራ ከደጋ የወረደች ሴት ከትውልድ ቀዬዋ ይዛው መጥታ ይሆናል። ሕፃናት አቃፊዋ እናት በመሆኗም ሴቶች ይበልጥ ይጠቃሉ።

«ዓይኔን ያወጡታል» ብለው የሚፈሩ አሉ። ምላጩ የሚነካው ግን ቆቡን እንጂ ብሌኑን አይደለም። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ በዕለቱም ወደ ቤት ይገባል። ይህንን የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል። ጎንደር ሆስፒታል ድረስ የሚያስኬደው ይበልጡን የዓይን ሞራ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ ሞራ ነበር፤ እሱም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል።

ከፍርሃቱ የሚብሰው «ማን ይከተለኛል? እንጀራውንስ ማን ይጋግራል?» የሚለው ነው። ይህ ለባልና ለደረሱ ልጆች የቀረበ ጥያቄ ነው። ጎረቤት ሁለት ቀን ብትጋግርላት፣ አንድ ልጅ ከአጨዳ ቢቀር፣ የሚጎድለው ጥቂት ነዶ ሰሊጥ ነው። ቀኑን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቁረጡ፤ ለምርመራ የምትመለስበትንም ቀን አብራችሁ ጠይቁ።